ቢጫዋ የዝናብ ኮት

ፊልሙን ለተማሪዎቼ የመረጥኩት እኔው ነኝ፤ የማማርረው ሰው የለኝም። ቦንጋ ላይ ዝናቡ እንደ ልማዱ ይወርዳል። ከማንኪራ መንደር ማር የሚያመጡልኝ ሽማግሌ ባጃጅ አጥተው ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸውና፣ «ጋሼ፣ እስኪያባራ ይግቡ» ብዬ አዳራሹ ውስጥ አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። በጠራራ ፀሐይ እንኳ የማያወልቋትን ቢጫ የዝናብ ኮት እንደለበሱ ነው።

ፊልሙ የእብድ ሥራ ነው። አንድ ስመ ጥር ደራሲ ሲነቃ ራሱን የገዛ ልብ ወለዱ ውስጥ ያገኘዋል። በር በከፈተ ቁጥር ሌላ ምዕራፍ ውስጥ ይገባል፤ ዝናቡ ከመሬት ወደ ሰማይ ይዘንባል። ዞሮ ዞሮ ጢም ሊላጭ ፀጉር ቤት ይቀመጣል። ፀጉር አስተካካዩ ዓይነ ስውር ነው፤ በመጽሐፉ ዓይኑን ያጠፋው ደግሞ ደራሲው። ምላጩን ጉሮሮው ላይ አድርጎ፣ «ዓይኔን ለምን አጠፋኸው?» ይለዋል። ደራሲውም «ለታሪኩ አስፈልጎኝ ነው» ይላል።

ለጋሼ በጆሯቸው እየተረጎምኩላቸው ነበር። እዚህ ጋ ስደርስ የገዛ ሥራዬ ትዝ አለኝ። እኔም እሳቸውን ጽፌያቸዋለኋ!

ከሸዋ ተመድቤ የመጣሁ ሰው፣ የአገሩን ወግ በቅጡ ሳላውቅ አንዲት አጭር ልብ ወለድ ጽፌ ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩ። ቢጫ የዝናብ ኮት የለበሱ ሽማግሌ ጫካ ገብተው ከሰው ቀፎ ማር ይቆርጣሉ። ስም አልጠራሁም፣ ብልጥ ነኝ ብዬ። ለእኔ ስርቆቷ የታሪክ ማጣፈጫ ናት። እዚህ ግን ቀፎ ጫካ መሃል ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ያለ ጠባቂ የሚያድረው በመተማመን ብቻ ነው፤ የሰው ቀፎ ነካ ከተባለ ሰው ጋር ማንም ጫካ አይገባም። ይህን የነገሩኝ ተማሪዎቼ ናቸው፣ «ቲቸር፣ የማንኪራውን ሽማግሌ ጻፍካቸው አይደል?» ብለው እየሳቁ። ወዲያው አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው፣ ስንቱ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ጋሼ ማንበብ አይችሉም፤ ያ ነው እስከ ዛሬ ያተረፈኝ። እንዲህ ብዬ ሳስብ ራሴን ጠላሁት።

ፊልሙ አለቀ፣ ዝናቡም አባራ። ጋሼ ደስ ብሏቸዋል።

«ያ ሰው ባይጽፈው ያንን ዓይነ ስውር ማን ያውቀው ነበር?» አሉኝ ወደ ባጃጆቹ ስንወርድ። ቀጥለውም፣ «ዘንድሮ ገመድ የሚስብልኝ አጣሁ፣ ቲቸር» አሉ።

ቀፎ የሚሰቅል ሰው ዛፍ ላይ ወጥቶ ገመዱን በቅርንጫፍ ያሳልፋል፤ ከሥር ሆኖ ቀፎውን ወደ ላይ የሚስብለት ሰው ግድ ነው። ብቻውን አይሆንም።

«ጎረቤቶቼ ሁሉ ሥራ አለብን ይላሉ። ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም።»

እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። «እኔ መጥቼ እስብልዎታለሁ» አልኩ እንጂ። ፈሪ ነኝ።

«የአስተማሪ እጅ? ይላጣል» ብለው ሳቁብኝ። ባጃጅ ውስጥ ገብተው ማር ያመጡበትን ባዶ ጀሪካን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ይልቅ እኔንም ጻፈኝ። ዕድሜውን ሙሉ ቀፎ ሲሰቅል የሰው ቀፎ ነክቶ የማያውቅ ሰው አለ፣ በልልኝ። የመንደሩ ልጆች ለጎረቤቶቼ ያነቡላቸዋል። ስሜን ተወው፤ ይህችን ኮት ካስገባሃት ያውቁኛል።»

«እሺ ጋሼ» አልኩና የባጃጁን ሸራ ዘጋሁላቸው።