መንገድ ላይ ስንት ጊዜ አረፉ?

ይህ ነገር ሊጻፍ ይገባዋል ወይ? እርግጠኛ አይደለሁም። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በየቀኑ ከዚህ የሚበልጥ ይደርሳል፤ የእኔም ጥፋት ካርድ ላይ ከአንድ መስመር የበለጠ ቦታ አልያዘም። ግን ያን ጠዋት ባስታወስኩ ቁጥር አሁንም ተነስቼ መሮጥ ያምረኛል።

ጥቂት ዓመት በጠቅላላ ሐኪምነት ሠርቼ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ ስጀምር እንደገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆንኩ። ለተግባር ልምምድ የደረሰኝ ተወልጄ ያደግኩበት ላሊበላ ነበር። የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ዋና ሐኪም ወገል ጤና የምትባል ከተማ ሰው ናቸው፤ ንግግራቸው ዝግ ያለ፣ እርምጃቸው ግን የማይደረስበት። እንዲያመሰግኑኝ ስለምፈልግ ካርድ የምጽፈው እንደ ፈተና ወረቀት ተጠንቅቄ ነው።

ዐቢይ ጾም ነበር። አንድ የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ቄስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ገቡ። ተነስቼ መስቀል ተሳለምኩ።

«አባ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«ተመስገን፣ ልጄ፤ ደኅና ነኝ። ትንሽ ጨጓራዬን ነው።»

«ደረትዎንስ?»

«ኧረ ደኅና ነኝ!»

እኛ አገር ቄስ «ደኅና ነኝ» ካሉ ደግሞ መጠየቅ ድፍረት ነው። «ጨጓራ፤ የደረት ሕመም የለም» ብዬ ባማረ ጽሑፍ ጻፍኩ። ግንባራቸው ላይ ያለውን ላብ አይቼዋለሁ፤ የመንገዱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ዋና ሐኪሙ ካርዱን አነበቡ፤ ላቡንም አዩ። ወንበር ስበው ከቄሱ ፊት ተቀመጡ።

«አባ፣ በእግር ነው የመጡት?»

«ታዲያ በምን ልምጣ? አውሮፕላኑ እንደሆነ በላያችን ያልፋል እንጂ አይጭነን!»

«ሌላ ጊዜ ሲመጡ መንገድ ላይ ስንቴ ያርፋሉ?»

«እኔ? ጎረምሶቹን ቆሜ የምጠብቅ እኔ ነኝ።»

«ዛሬስ?»

ቄሱ በመቋሚያቸው ወለሉን መታ መታ እያደረጉ ቆጠሩ። «ድልድዩ ጋ… ዛፉ ሥር… ዳገቱ ላይ ሁለቴ… እዚሁ በራችሁ ላይ። አምስት።»

«ምን ሆነው ነው ያረፉት?»

«ድንጋይ የተጫነኝ ይመስለኛል፤ ስቀመጥ ይለቀኛል። የበሩ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።»

ዋና ሐኪሙ ብድግ አሉ። «አልጋ! ኢሲጂ! ሩጪ!»

ሮጥኩ። የልባቸውን ምት የሚያሳየው ወረቀት ሲወጣ አብረን ጎንበስ አልን። የልብ የደም ሥራቸው ሊዘጋ ነበር። የተሰማኝ ፍርሃት ይሁን ደስታ አላውቅም። ቄሱ ገና በሕይወት በእጃችን ነበሩ!

የደም ማቅጠኛው መርፌ ተሰጠ። የሚታኘከው አስፕሪን ላይ ግን ቄሱ አፋቸውን ገጠሙ። «ዛሬ ቀዳሽ ነኝ። ምንም አልቀምስም።»

ዋና ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሩ። «ያንቺ አገር ሰው ናቸው፤ ተናገሪ እንጂ።»

በጉልበቴ ተንበረከክኩ። «አባ፣ የዛሬውን ሌላ ካህን ይቀድሳል። ይህን ካላኘኩ ግን የፋሲካውን ማን ይቀድስልናል?»

«ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው። ዓይናቸው ፈገግ አለ። «ያጠመቅሁሽ እኔ አይደለሁ? ያኔም በጩኸት አደንቁረሽኛል። በይ፣ አምጪው።»

ቀትር ሳይሆን ድንጋዩ ተነሳላቸው። ሁለተኛው ወረቀት ከመጀመሪያው ተሽሎ ሲወጣ ከነርሷ ጋር ተቃቀፍን። ዋና ሐኪሙ እስክሪብቶ አቀበሉኝ። «እንደገና ጻፊው።» መስመሬን ሰርዤ «አምስት ጊዜ አርፈዋል» ብዬ ጻፍኩ። አላመሰገኑኝም፤ ግን ቀጣዩን በሽተኛ ስለ መንገዱ እንድጠይቀው ለእኔ ተውልኝ።

ከፋሲካ በኋላ ቄሱ ለቀጠሯቸው መጡ። አፌን ሳልከፍት ከበሩ ላይ ጮኹ፦ «አንዴ ብቻ! እሱንም መስቀል የሚሳለም ሰው አስቁሞኝ ነው!»

ይህንንም ጻፍኩት፤ ከሥሩም ቀኑን፦ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.