የጉልበቱ ባለቤት

አየነው የዳንግላ ጋሪ ነጂ ነበር። ፈረሱ ደንብሮ ከጋሪው ላይ ከጣለው ወዲህ ግራ ጉልበቱ አልታጠፍ አለው። ወጌሻው ቢያሸውም ቢያስረውም ጠብ የሚል ነገር አልተገኘም። በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሙ ወስዶ ሆስፒታል አስገባው።

ፈረንጁ ሐኪም በአስተርጓሚ፣ «አጥንትህ ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳው ክፍል ተበልቷል። በቅርቡ ከሞተ ሰው ጉልበት ወስደን እንተክልልሃለን» አለው።

«ሰውየው ማን ይባላል?» አለ አየነው።

ሐኪሙ አላወቀም።

ከወራት በኋላ አየነው ዳንግላ ተመልሶ ያለ ደጋፊ ጋሪው ላይ ወጣ። ሰው እልል ሲልለት እሱ ግን ይነጫነጫል። የሰው ዕቃ ተውሶ ሳያመሰግን የቀረ እየመሰለው ውስጡ አላርፍ አለ። በመጨረሻ ወደ ንስሐ አባቱ ወደ ቄስ ምህረቴ ሄደ።

«አባቴ፣ ለጉልበቴ ባለቤት ጸሎተ ፍትሐት ያድርሱልኝ።»

«ክርስትና ስሙ ማነው?»

«አላውቅም።»

«ስሙን ሳልጠራ እንዴት አድርጌ ልጸልይለት?»

አየነው ሲናደድ የሚቀናው አገውኛ ነው። አንድ ሁለት ቃል አጉረመረመና ወደ አማርኛው ተመለሰ።

«እንግዲያው የኔን ስም ይጥሩለት። ወልደ ገብርኤል ይበሉ።»

ቄሱ ደንግጠው አማተቡ። «በሕይወት ያለኸውን ሰው እንደ ሙት ልፍታህ?»

«ይፍቱኛ! እሱ ጉልበቱን ሰጥቶኝ እኔ ስም ልነፍገው ነው እንዴ?»