እናቴ ፀሐይን ያባረረችበት ረመዳን

እናቴ ኩልሱም በጅማ አወቱ መንደራ ቀበሌ የምትኖር ቅቤና ማር ነጋዴ ነበረች። ነገር መጠየቅ አይታክታትም። ከእሷ ዘንድ ማር የሚገዛ ሰው ማሩን ይዞ የሚሄደው ከየት እንደመጣ፣ ስንት ልጅ እንዳለው፣ ያገሩ ንብ ተናዳፊ ይሁን ገራም ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ፣ «እኔን በሠርጋችን ማግስት መርምረሽ ጨርሰሻል፤ ደንበኞችሽን እንኳ ተያቸው» ይላት ነበር።

የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ያደረጋትም ይኸው አመሏ ነው። ስብሰባ ላይ ሌላው ሰው ቶሎ አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ለመሄድ ሲጣደፍ እሷ እጇን ታወጣለች። ካድሬዎቹ መጀመሪያ ጠረጠሯት። ኋላ ላይ ግን ተንኮል እንደሌለባት፣ የምትጠይቀው ማወቅ ስለምትፈልግ ብቻ እንደሆነ ሲገባቸው ሊቀመንበር አድርገው አረፉ።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ላይ ከሶቭየት ኅብረት የመጡ ሴቶች የሊሙ ገነትን ቡና ሊጎበኙ ሄዱ። እናቴ ከተቀባዮቹ አንዷ ነበረች። ከእንግዶቹ መካከል አንዲት ግዙፍና ሳቂታ ሴት ተነስታ፣ የእሷ ከተማ ከሰሜን ዋልታ አጠገብ እንደሆነችና በሰኔ ወር ፀሐይ ጨርሶ እንደማትጠልቅ ተናገረች። አስተርጓሚው ተረጎመ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እናቴ እጇን አወጣች።

«ታዲያ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ የሚወጡት መቼ ነው?»

ሴትዮዋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። መልሱን ግን አላወቀችውም። «መጥተሽ እይ» አለቻት። እንግዳ ሲስቅ የተናገረውን ማን ያምናል? ግንቦት ላይ ግን ከአዲስ አበባ ወረቀት መጣ። ወደዚያች ከተማ ለወዳጅነት ጉብኝት ከሚሄዱት ሴቶች መካከል ኩልሱም አለችበት።

ችግሩ፣ ጉዞው የዋለው ረመዳን ላይ ነው። መንገደኛ ጾሙን ቢያፈርስ ሲመለስ ይከፍላል፤ ይህን እናቴም ታውቃለች። ያን ዓመት ግን ስለት ነበረባት። የተሳለችውም ለእኔ ነው። ዘምቼ ሰሜን ጦር ግንባር ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ ደብዳቤዬም ቆሟል። አንዲት ቀን ሳላጓድል ወሩን ሙሉ እጾማለሁ፣ ልጄን ከሊልን መልስልኝ ብላ ለአላህ ቃል ገብታለች። እኔ ይኸው ተመልሼ ይህን ስለምጽፍ አሁን መሳቅ ይቻላል። እሷ ግን ያን ጊዜ የምታውቀው ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ከጎደለ ልጄ ጎደለ ብላ ነበር የምታስበው። እንቢ፣ ጉዞው ይቅርብኝ እንዳትል ደግሞ ዘመኑ እንቢ የሚባልበት አይደለም። እውነቱን ለመናገር፣ የማትጠልቀውን ፀሐይ ለማየት ልቧም ተሰቅሏል።

ስለዚህ ሼህ ቲጃኒ ዘንድ ሄደች። ሼሁ ዐይናቸው የደከመ፣ ትዕግሥታቸው ግን ያልደከመ የሰፈራችን አዋቂ ነበሩ። ኪታብ ሲያገላብጡ ሰነበቱ። ሰፈሩም አብሯቸው ተከራከረ። ግማሹ እዚያ አገር ጀምሮ የማይጨረስ ጾም ሊሆን ነው ሲል፣ ሌላው እንዲያውም ጾም የሚባል የለም አለ። በመጨረሻ ሼሁ አስጠሯት።

«ፀሐይ የማትጠልቅበት ከተማ ስትደርሺ፣ በቅርብ ያለው ፀሐይ የምትጠልቅበት ከተማ ስንት ሰዓት እንደሚያፈጥር ጠይቂና በእሱ አፍጥሪ። ፀሐይ ጠልቃ የምትታይበት ቦታ ላይ እስካለሽ ድረስ ግን ዐይንሽን ተከተይ። ገባሽ?»

«ገብቶኛል ሼህ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥዎ» አለችና ተገላገለች።

እንግዲህ ስለ ከተማዋ ያልተባለ ነገር የለም። መካከል ላይ ያለውን መንገድ ግን አንድም ሰው አላሰበውም። ከእኛ ሰፈር በሰኔ ረመዳን ይዞ ወደ ሰሜን የበረረ ሰው የት ይገኛል!

አብራት የምትሄደው ፈድሊያ የምትባል የሰቃ ሴት ነበረች። ፈድሊያ አውሮፕላን ትፈራለች፤ አዲስ አበባ ድረስ እንኳ በምድር ልሂድ ብላ በአውቶቡስ ቀድማ ሄደች። እናቴ ግን ጅማን ከላይ ላያት ብላ አውሮፕላን መረጠች። ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ሜዳውን አጨቅይቶት አውሮፕላኗ ሳትመጣ ቀረች። በማግስቱ አዲስ አበባ ስትደርስ ሌሎቹ ሴቶች ፈድሊያን ይዘው ሄደዋል። የተቀበላት ሹም ተቆጥቶ ተቆጥቶ ሲደክመው፣ ወደ ሶቭየት ዋና ከተማ በሚሄደው ቀጣይ በረራ ከፊት በኩል ቢዝነስ ክላስ ከሚባለው ውስጥ አንዲት ወንበር ብቻ ስላለች እዚያ እንድትሳፈር አደረገ።

«ብቻዎን ነው የሚሄዱት፤ አይፈሩም?» አላት።

«ምን ያስፈራኛል? መንገዱን የሚያውቀው ሌላ ሰው ነው» አለችው።

ወንበሯ ከሁሉም የመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ በግራ በኩል ከመስኮቱ ሥር ነበር። ከጎኗ የተቀመጠው ፈረንጅ ገና ሳይነሱ እንቅልፍ ወሰደው። የሚጠየቅ ሰው ስታጣ ዕቃውን መመርመር ጀመረች። ቁልፉን ስትጫን ወንበሩ ወደ ኋላ ተኛ፤ ደግማ ስትጫን ተነሳ። ይህን እስኪበቃት አደረገችው። የእግር ማሳረፊያውን አውጥታ አስገባች። ሰናይት የምትባል ወጣት አስተናጋጅ ትኩስ እርጥብ ፎጣ ይዛላት መጣች። እናቴ አሸተተችው፤ ፊቷንና እጇን እስከ ክርኗ ጠረገችበት፤ ከዚያ ጫማዋን አውልቃ፣ «ለእግሬስ?» አለች። ሰናይት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሁለተኛ ፎጣ አመጣችላት።

ምግብ መጣ። «ጾመኛ ነኝ ልጄ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ» አለቻት። ሰናይትም፣ «እሺ እማማ፣ አስቀምጥልዎታለሁ» ብላ መለሰችው። የእናቴ ሐሳብ ቀላል ነበር። ከቤት ያመጣችው ተምርና ጭኮ በቦርሳዋ አለ። በእጇ ላይ ያለው የአባቴ ትልቅ ሰዓት የጅማን ሰዓት ይቆጥራል። ጅማ ውስጥ መግሪብ፣ የማምሻው ሶላት፣ ሲደርስ እሷም ታፈጥራለች።

ጅማ መግሪብ ደረሰ። ተምሯን አወጣች፤ ቢስሚላህ ልትል አፏን ስትከፍት ወደ መስኮቱ ዞር አለች። ፀሐይ ቁጭ ብላለች። ገና ትልቅ፣ ገና ነጭ፣ ዐይን የምትወጋ ፀሐይ። ተምሩን መለሰችው። ሰዓቱን ጆሮዋ ላይ አስጠግታ አዳመጠች፤ ይሠራል። ጠበቀች። ፀሐይ ትንሽ ወረድ ያለች መሰለች፤ ደግሞ እዚያው ቆመች።

«ያ ረቢ፣ ማል ጎና?» አለች ለራሷ፤ ምን ይሻለናል ማለቷ ነው። ሼህ ቲጃኒን በልቧ ጠራቻቸው። ሼሁ ያዘዟት ዐይንሽን ተከተይ ነው። ዐይኗ ደግሞ የሚያየው ይህችን ነው።

ሰናይት ስትመጣ እናቴ መስኮቱን እያሳየች፣ «ይህች ነገር መቼ ነው የምትጠልቀው?» አለቻት። ሰናይት እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተሳፋሪ ቀርቦላት አያውቅም። ወደ ፊት ሄዳ ካፒቴኑን ጠይቃ ተመለሰች።

«ወደ ሰሜን በሄድን ቁጥር ቀኑ ይረዝማል ይላሉ። ምናልባት ልናርፍ ስንል ነው እማማ።»

«እኛው ነን እንዴ የምናባርራት?»

«ይመስለኛል» አለች ሰናይት።

እናቴ ይህን ነገር ወደደችው። ጥማቱ ጉሮሮዋን እየሰነጠቀው እንኳ ወደደችው። ዕድሜ ልኳን ፀሐይ እሷን ጥላ ስትሄድ ነው የምታውቀው፤ ዛሬ ግን ተራው የእሷ ሆነ። ከታች ባሕር ታየ፤ ከዚያም ሲያበራ የሚውል ደመና። ኋላ ስትነግረኝ፣ «ወላሂ ከሊል፣ የቀን መጨረሻው የት እንዳለ ለማየት የተላክሁ መሰለኝ» ብላኛለች።

ረኀቡ ግን ቀልድ አያውቅም። አንድ ጊዜ የመስኮቱን መሸፈኛ ወደ ታች ሳበችው። ጨለመ። ወንበሯ ውስጥ ጥሩ ምሽት ሆነ። ትንሽ ቆየችና ከፈተችው፤ ፀሐይ አለች። «አላህን በዚህች ክዳን ላታልለው ነው?» አለችና በራሷ ሳቀች።

ሰናይት ይህን አይታ አጠገቧ በርከክ አለች። «እማማ፣ መንገደኛ ኖት እኮ። እባክዎ ትንሽ ነገር ይቅመሱ፤ እግዚአብሔር ይህን ይቆጥርብዎታል?»

«አይቆጥርም። እኔ ነኝ የምቆጥረው» አለች እናቴ። ከዚያ ስለ ስለቱ ነገረቻት። ልጄ ዘምቷል፤ ደብዳቤው ቀርቷል፤ አንዲት ቀን አላጎድልም ብያለሁ አለቻት። ሰናይት ይህን ስትሰማ ተነስታ መጋረጃውን ገልጣ ሄደች፤ ለረጅም ጊዜም አልታየች። እናቴ፣ ልጅቷን አሰለቸኋት ብላ አዘነች።

አውሮፕላኑ መውረድ ጀመረ። ቀበቶ እሰሩ ተባለ። የእናቴ ቦርሳ ከነተምሩ ከላይ ካለው ሳጥን ገባ። ሰናይትም መጥታ ከእናቴ ፊት ለፊት ባለችው የአስተናጋጅ ወንበር ላይ ቀበቶዋን አስራ ተቀመጠች፤ ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው። ያን ጊዜ ፀሐይ ቀላች። እነሱ ሲወርዱ እሷም ከእነሱ ጋር ወረደች። የምድሩን ጠርዝ ነካች፤ ግማሽ ሆነች፤ ክር አከለች፤ ጠፋች።

እናቴ አላመነችም። ብዙ ስላታለለቻት ተመልሳ የምትወጣ መሰላት። ተምሩ ከላይ ነው፤ መነሳት አይቻልም። እጇ ባዶ ነው።

«ጠልቃለች እማማ» አለች ሰናይት። «እኔም ሳያት ነበር።»

ይህን ብላ ከጎኗ በናፕኪን የተጠቀለለ ዳቦና ክዳን ያለው ብርጭቆ አውጥታ እጇን ዘረጋች። ከእናቴ ጋር ከተነጋገሩ ጀምሮ ይህን አዘጋጅታ፣ ከመጋረጃው ማዶ ባለው መስኮት ፀሐይን ስትጠብቅ ነበር ለካ።

እናቴ ብርጭቆውን ተቀበለች። ጾመኛን ያስፈጠረ ሰው የጾሙን ያህል ምንዳ ያገኛል፤ ይህን ለሰናይት ነገረቻት። ሲያፈጥሩ የሚለመን ልመና እንደማይመለስም ነገረቻት። «አሁን ስለ ልጄ ልለምን ነው» አለቻት።

ሰናይት ወደ ፊት ጎንበስ አለች። «ለወንድሜም ይለምኑልኝ። ዓምደሚካኤል ነው ስሙ። እሱም ሰሜን ነው፤ እሱም መጻፍ ካቆመ ቆየ።»

እናቴ እንባዋ መጣ። ያ ሁሉ መጥፋቷ መሰልቸት እንዳልነበር አሁን ገባት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ መጀመሪያ ዓምደሚካኤልን፣ ቀጥሎ ከሊልን ጠራችና ጠጣች። ጎማው መሬት ሲነካ አፏ ውስጥ ዳቦ ነበር።

ከዚያ ተሻግራ የዋልታዋን ከተማ አየች። እኩለ ሌሊት ላይ ሰዎች በፀሐይ ሲሄዱ አየች፤ ከፈድሊያ ጋር በሼሁ ቃል እየጾመች ወሩን ሳታጎድል ጨረሰች። ዶሮዎቹንም ጠየቀች። ያቺ ሳቂታ ሴት አጣርታ፣ ዶሮ የሚረባበት ቤት መስኮት እንደሌለውና ቀኑን የሚያስመሽላቸው መብራት አጥፊው እንደሆነ ነገረቻት። «ምስኪኖች፣ የእነሱ ሼህ መብራት አጥፊው ነው» ብላ ስቃለች።

እኔ በሰባ ዘጠኝ እግሬን እያነከስኩ ተመለስኩ። ስለቱ ሠራ አለች፤ በግ አረደች። ሰናይትን ግን ዳግመኛ አላገኘቻትም። የአባቷን ስም ሳትጠይቃት መቅረቷ ዕድሜ ልኳን ቆጫት፤ የሰውን ነገር ሁሉ የምትጠይቅ ሴት ያን አንድ ነገር ሳትጠይቅ ቀረች። ዓምደሚካኤል ይመለስ አይመለስ አናውቅም። ስለዚህ በየረመዳኑ፣ በየመግሪቡ፣ ውሃውን ከመቅመሷ በፊት ስሙን ትጠራለች። እኔን ካገኘችኝ በኋላ የእኔን ስም ተወችው።

አንድ ቀን ቀናሁና፣ «እማዬ፣ እኔስ?» አልኳት።

«አንተማ ይኸው ሳምቡሳዬን እየጨረስክ ነው» አለችኝ። «እሱ ነው ገና ቤቱ ያልገባው።»

ባለፈው ዓመት ሞተች። በተከተለው ረመዳን የመጀመሪያ ቀን መግሪብ ተሰማ፤ ብርጭቆዬን አነሳሁ። ዙሪያዬን ሳይ ማንም አይጠጣም። ሚስቴ፣ እህቶቼ፣ ልጆቼ ብርጭቆ እንደያዙ እኔን ያያሉ። ምን እንደሚጠብቁ ወዲያው አልገባኝም።

«በል እንጂ» አለች ሚስቴ፣ «ስሙን ጥራው። ጠማን።»

«ዓምደሚካኤል» አልኩ። ከዚያ ሁላችንም ጠጣን።