ጠፍቶ የሚመልሰው ማሽን

ባለፈው ሳምንት ባንክ ቤት ወረፋዬ ሲደርስ ገንዘብ ከፋይዋ ቀና ብላ ሳታየኝ «ሲስተም የለም» አለች። ከኋላዬ የነበሩት ሁሉ ዝናብ እንደያዘው መንገደኛ ዝም ብለው ጥግ ጥግ ያዙ። እኛ ዘንድ ሲስተም እንደ በረዶና እንደ አንበጣ ከላይ የሚላክ ነገር ነው፤ ለምን ሄደ ብሎ የሚጠይቅ እንደ ባለጌ ይቆጠራል። እኔ በዚህ ጉዳይ ባለጌ ነኝ። ባለጌ የሆንኩትም በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ሐረር ውስጥ ነው።

ያኔ በአንድ የግል ኮሌጅ በኮንትራት የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ። የተማሪዎች ውጤት የሚገባበት ፕሮግራም ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም ላይ፣ ያውም ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ይሁን ብዬ የወተወትኩት እኔ ነኝ። ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የሚኖር ሌላ ኮምፒውተር ነው። ዲኑ ይህን ሲሰሙ «አንዱንስ መቼ ቻልነው?» አሉ፤ ቢሆንም ፈቀዱ።

ሁለት ወር ያለ እንከን ሠራ። በሚያዝያ መጨረሻ፣ የጊደር መጋላ ገበያ በማንጎ ሽታ ሲታወድ፣ ኔትወርኩ መሄድና መምጣት ጀመረ። ጨርሶ ቢጠፋ ይሻል ነበር፤ የሞተ ነገር ቁርጡ ይታወቃል። ይሄ ግን ግማሽ ደቂቃ አለ፣ ግማሽ ደቂቃ የለም። ሬጅስትራሯ ጽጌ የአንድ ክፍል ውጤት እኩሌታ አስገብታ ሲቆረጥባት ደረጃውን ወርዳ ክፍሌ በር ላይ ትቆማለች።

«ያቺ ወፍህ ዛሬም በረረች!» ትለኛለች፤ የሊኑክስን አርማ፣ ፔንግዊኑን፣ ማለቷ ነው።

ገመድ ቀየርኩ። ገመዶቹ ሁሉ የሚገናኙበትን ስዊች ቀየርኩ። መብራቱን ጠረጠርኩ። ያነበብኩትን ሁሉ ሞከርኩ፤ ብዙ ያነበበ ሰው ብዙ የተሳሳተ ጥርጣሬ እንዳለው ያኔ ገባኝ።

አንድ ረቡዕ ዲኑ ጠሩኝ። «እስከ ነገ ካልተስተካከለ ወደ ወረቀት እንመለሳለን። አንተም ወደ ቤትህ።»

«ጋሼ፣ ምክንያቱን እኮ ገና…»

«ምክንያቱማ አንተ ነህ።»

ወደ ክፍሌ ተመልሼ ብልሽቱን የምጽፍበትን ደብተር ገለጥኩ። ሰኞ፣ ሐሙስ፣ ሰኞ፣ ሐሙስ። ሁልጊዜ ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ተኩል። ረቡዕና ዓርብ ቢሆን ኖሮ ወዲያው አንድ ነገር በጠረጠርኩ፤ እናቴ ቤት ያደገ ሰው ረቡዕና ዓርብን በሆዱ ያውቃቸዋል። ሰኞና ሐሙስ ግን ምንም አልነገሩኝም።

ሐሙስ ሁሉም ለምሳ ሲወጡ ቀረሁ። የሳምቡሳ ሽታ በመስኮት ይገባል፤ እኔ ግን ሳልበላ ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተከልኩ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ኔትወርኩ መንተባተብ ጀመረ። በንዴት ቨርቹዋል ማሽኑን አጠፋሁት። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፣ ከሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ አድራሻው ጠራሁት።

መለሰ።

ፀጉሬ ቆመ። ያጠፋሁት ማሽን አንዲት ጥሪ ሳያሳልፍ ይመልሳል! ከስዊቹ ላይ ገመዶቹን አንድ በአንድ መንቀል ያዝኩ። ሰባተኛውን ስነቅል ጸጥ አለ። ገመዱ ላይ በገዛ እጄ የተጻፈው «መዝገብ ቤት» ይላል።

ደረጃውን በሩጫ ወጣሁት። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሐጂ መህዲ፣ ከከተማው ውጪ የድሬ ጠያራ ገበሬ ልጅ፣ መቁጠሪያቸውን፣ ተስቢሃቸውን፣ ይዘው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ስክሪኑ ላይ ያለው የእኔው ማሽን ነው።

«ሐጂ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ረሳኸው እንዴ? ቅጂውን የሰጠኸኝ አንተ አይደለህ?»

እውነትም ረስቼው ነበር። ሐጂ በመንግሥት ለውጥ ጊዜ የሠሩበት መሥሪያ ቤት መዝገብ ሜዳ ላይ ሲበተን ያዩ ሰው ናቸው፤ ቅጂ የሌለውን ነገር አያምኑም። ቢጨቀጭቁኝ በሚያዝያ ማሽኑን እንዳለ ገልብጬ ሰጥቻቸው ነበር።

«አይንኩት፣ ዝም ብሎ ይቀመጥ አላልኩዎትም?»

«ልጄ፣ ጉድጓድ የገባ ማሽላ ካልታየ ይበላሻል። ሰኞና ሐሙስ እጾማለሁ፣ ምሳ የለኝም። ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ እከፍተዋለሁ፣ ደህና መሆኑን አያለሁ፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ ለዐስር ሰላት ስነሳ እዘጋዋለሁ። ወላሂ ሌላ ነገር አልነካሁም!»

ስገለብጥ አድራሻውንም፣ የኔትወርክ ካርዱን መለያ ቁጥርም አብሬ ገልብጫለሁ። ስዊቹ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ማሽኖች ስላገኘ መልእክቱን አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ላይ ይልክ ነበር። የሐረር ልጅ ነኝ ብዬ የምኩራራ ሰው የጎረቤቶቼን የጾም ቀን አለማወቄ ሥራዬን ሊያሳጣኝ ለጥቂት ቀረ።

«ልትወስድብኝ ነው?» አሉ ሐጂ፣ እጃቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ጭነው።

«አልወስድብዎትም። ስሙን ብቻ እለውጣለሁ።»

ለቅጂው አዲስ አድራሻና አዲስ መለያ ሰጠሁት፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ጽጌ ከምሳ ተመልሳ የሦስት ክፍል ውጤት አስገባች፤ ላይም ታችም ማሽኖቹ በርተው አንዲት መስመር አልጠፋችም። ዲኑ ከኋላዋ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመው አዩ።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«እንዳሉት ነው ጋሼ። እኔ ነበርኩ።»

ጽጌ ሳቋ አመለጣት። ዲኑ ስለ ወረቀትም ስለ ኮንትራትም ዳግመኛ አላነሱም። ሐጂ ግን «አንተም ሳትበላ ዋልክ፤ ግማሽ ጾመኛ ነህ» ብለው ቤታቸው ወሰዱኝ፤ ጀምበር ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ በተምርና በሾርባ አብረን ጾም ፈታን።

ከስሕተቴ ትሕትና ተማርኩ የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። እኔ አልተማርኩም። ከዚያ ወዲህ ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ጽፌያለሁ፣ መድረክ ላይም ተጨብጭቦልኛል፤ አንዱም ከስዊቹ ጎን ቆሜ፣ ሰባተኛውን ገመድ ጨብጬ የተሰማኝን ደስታ አልሰጠኝም። ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ድሉን ቅንጣት አልቀነሰብኝም። ከሌላ ሰው ጥፋት ጋር የሚታገል ቢያንስ የሚሰድበው ሰው አለው፤ እኔ ያንን እንኳ ሳይኖረኝ አሸነፍኩ።