የዓመቱ ምርጥ አልቃሽ

ልደታ፣ እኔ ባደግሁበት ሰፈር፣ ዓመቱ የሚዘጋው በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አልነበረም። ጳጉሜ ገብታ ዝናቡ ጋብ ባለበት ከሰዓት በኋላ ፀጉር አስተካካያችን የዓመቱን ሽልማት ሰጥቶ ሲጨርስ ነበር ዓመቱ ተዘጋ የምንለው።

ሽልማት ስል ዋንጫና ምንጣፍ የሚታየው ሰው ካለ ይተወው። የዕድሩ ዕቃ ቤት ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፤ ሰው ጃንጥላውን ይዞ ይቀመጣል፤ ፀጉር አስተካካዩም ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ይቆምና ዓመቱን ሙሉ የሰማውን ሐሜት በሽልማት መልክ ይመልስልናል። ሰው ፀጉሩን ሲቆረጥ አፉ ይፈታል፤ ስለዚህ እሱ የማያውቀው የሰፈር ጉድ አልነበረም።

አንድ ዓመት «የዓመቱ ምርጥ ወረፋ ጠባቂ» ብሎ የሸለመው ቢጫ ጀሪካን ነው። የጀሪካኑ ባለቤት በማለዳ ቦኖ ውሃው ጋ ደርድራው ተክለ ሃይማኖት ሄዳ ገበያ ውላ፣ የታመመ ጠይቃ ስትመለስ ጀሪካኑ ተራውን ሳያስነካ ጠብቋት ነበር። የአበባ ጉንጉን የተጠለቀውም ለጀሪካኑ እንጂ ለሷ አልነበረም። «የዓመቱ ሥራ ፈት» ደግሞ ከበራችን አጠገብ የቆመው የመንገድ መብራት ምሰሶ ሆነ። የሰፈሩ ውሻ በሰፈሩ ሰው ላይ እየጮኸ ለባዕድ ጭራውን ስለሚቆላ «የዓመቱ እንግዳ ተቀባይ» ተባለ፤ አጥንቱን ሲሰጡት ሸላሚው ላይም ጮኸበት።

እኔ በተፈጥሮዬ ስብሰባ አልወድም። ንግግር የሚያበዛ ሰው ሲነሳ እኔም እነሳለሁ። ከዚህችኛዋ ግን ቀርቼ አላውቅም። አንድ ዓመት ብቻ ባትደርስ ብዬ ጸለይኩ፤ ማን እንደሚሸለም ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበራ። ተሸላሚዋ እናቴ ነበረች።

ፊት ለፊታችን ባለው ቤት እኔ እትዬ የምላት የእናቴ ባልንጀራ ከባሏ፣ ከሴት ልጇና ከሽማግሌ አባቷ ጋር ትኖር ነበር። በመሃላችን ያለው መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። እናቴና እትዬ የቤታቸውን መለዋወጫ ቁልፍ እንኳ ተሰጣጥተው ነበር የሚኖሩት፤ የኛ እነሱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ የነሱ እኛ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ። ሽማግሌ አባቷን ሁላችንም አባባ ነበር የምንላቸው። ያን ዓመት አባባ ታመው አልጋ ያዙ። ሐኪሙም ሰፈሩም ተስፋ ቆረጠ።

እናቴ በዚያው ሰሞን አራስ እህቷን ልትጠይቅ አምቦ ሄደች። የእትዬ ልጅ ሰርግ ለሚያዝያ ተቆርጦ ነበር፤ አባባ ዓይናቸው ሳይከደን የልጅ ልጃቸውን ይመርቁ ተብሎ እናቴ በሌለችበት ወደ የካቲት ተሳበ። እኛ ቤት ስልክ አልነበረም፣ አምቦም አልነበረም። የሰርጉ ዕለት ይህን ሁሉ የማታውቀው እናቴ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ከታክሲ ወረደችና ከሩቅ የዕድሩን ድንኳን አየች።

የዕድር ድንኳን ለሰርግም ለለቅሶም ያው አንዱ ነው። እሷ ግን በሽተኛ ትታ ነው የሄደችው። ያም ሆኖ፣ ሴትየዋ ጥንቁቅ ናትና አስፋልቱ ዳር ያለውን ባለሱቅ ጠየቀችው።

«እነሱ ቤት ምንድን ነው?»

«እየሸኙ ነው፤ ድረሽባቸው» አላት።

ማንን እንደሚሸኙ ቢጨምርበት ምን ነበረበት? አልጨመረም። በኛ አነጋገር ሙሽራም ይሸኛል፣ ሬሳም ይሸኛል። እናቴ ዘንቢሏን እዚያው ሱቅ ደጃፍ ጣለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፣ ደረቷን እየመታች ወደ ድንኳኑ ሮጠች።

ውስጥ ሆኜ ድምጿን የሰማሁት በምርቃቱ ሰዓት ነው። መብራት ስለጠፋ ቴፑ ዝም ብሏል፤ ሰው ሁሉ ቆሞ አንገቱን ደፍቷል፤ አባባ ጋቢ ደርበው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ሙሽራዋ ራስ ላይ ጭነዋል። «አባባዬ፣ ሳልደርስልዎት፣ የሰፈሩ ጥላ» የሚል ለቅሶ እየቀረበ መጣና እናቴ ቄጠማው ላይ ተደፋች።

አባባ እጃቸውን ከሙሽራዋ ራስ ሳያነሱ ዝቅ ብለው አዩዋት።

«ማን ሞተ ልጄ?»

እናቴ ቀና አለች። ደንግጣ ይሁን ሲያሳድጓት ውሸት አታውሪ ተብላ ይሁን እንጃ፣ «እርስዎ» አለቻቸው።

ግማሹ ሰው ሳቁን መያዝ አቅቶት ከድንኳኑ ወጣ። ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰውዬ ሥራውን የሚወድ ሆነና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀረጸው። እትዬ ግን አልሳቀችም። በልጇ የደስታ ቀን፣ ያውም ምርቃት ላይ፣ አባቷ በቁማቸው የተለቀሰባቸው ሴት ባትስቅ አልፈርድባትም። «አሟረተችብኝ» አለች። በማግስቱ የኛን ቁልፍ በጋዜጣ ጠቅልላ በሰው ላከች።

እናቴ ያን ጋዜጣ ስትፈታ አጠገቧ ነበርኩ። ቁልፉን ቁም ሣጥን ውስጥ ከነሱ ቁልፍ ጎን አስቀመጠችው። እኔ ግን እትዬ ላይ ተናድጄ ስንት ነገር ተናገርኩ፤ ዝም በይ ተባልኩ።

ከዚያ በኋላ የእናቴ ጭንቀት አንድ ብቻ ሆነ፤ አባባ እንዳይሞቱ። ከሞቱ ገዳያቸው እሷ ናት፤ እትዬም እስከ ዕለተ ሞቷ አትታረቃትም። ጠዋት ጠዋት በራችንን ገርበብ አድርጋ ከማዶ የአባባን ሳል ታዳምጣለች። ሳሉ ሲሰማ ተመስገን ብላ ሻይ ትጥዳለች፤ ሳይሰማ ከቆየ ቁርስ የለም። በሰው ሳል ደስ የሚላት ሴት በዕድሜዬ እሷን ብቻ ነው ያየሁት።

አባባ ደግሞ ይባስ ብለው ዳኑ። መጀመሪያ በር ላይ ፀሐይ መሞቅ ጀመሩ፣ ክረምቱ ሳይጋመስ በከዘራቸው ልደታ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው መመለስ ያዙ። እናቴ ነገሩ በዚሁ የሚበርድ መስሏት ነበር። አልበረደም። እትዬ ሟርቱን የሻረው የልደታ ጸበል ነው ብላ ጭራሽ አቋሟን አጠነከረች።

እንዲህ ሆነን ነው ጳጉሜ የገባችው። እናቴ በሩን ዘግታ እህል መልቀም ጀመረች። «ለመሳቂያ አልሄድም» አለች፤ እኔም አልገፋፋኋትም። ትንሽ ቆይቶ በሩ በከዘራ ተንኳኳ። አባባ ናቸው፣ ኮታቸውን ለብሰው።

«ተነሺ እንጂ። እኔን አቁመሽ ታስጠብቂኛለሽ?»

እናቴ በሕይወት ላሉ አባባ እምቢ የምትልበት አቅም አልነበራትም። ነጠላዋን ሦስቴ አገላብጣ ጥለቱ ወደ ታች መሆኑን አረጋግጣ ተከተለቻቸው።

ፀጉር አስተካካዩ የተለመደውን ሲያስቀን ቆየና የመጨረሻውን ሽልማት የሚሰጡት አባባ ናቸው ብሎ ተቀመጠ። አባባ ተነሱ። እትዬ ከፊት አግዳሚ ላይ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

«ሰው ሲሞት ማን እንደሚያለቅስለት ሳያውቅ ነው የሚሞተው» አሉ። «እኔ ቁጭ ብዬ በጆሮዬ ሰማሁ። ይህቺ ልጅ ከአስፋልቱ ጀምራ ነው ያለቀሰችልኝ። ያን ማታ እህል ጣመኝ። የዓመቱ ምርጥ አልቃሽ እሷ ናት።» ከኪሳቸው ነጭ መሐረብ አወጡና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺ ስጫት። ያለቀሰችው ለአንቺ አባት ነው።»

እኔ ጥፍሬን መንከስ ጀመርኩ። እትዬ ቆይታ ተነሳች፣ መሐረቡን ተቀበለች፣ እናቴ ፊት ሄዳ ቆመች። አልሰጠቻትም።

«ምናለ መጀመሪያ ገብተሽ አይተሽ ብታለቅሺ?»

«ካየሁማ መች አለቅሳለሁ» አለች እናቴ።

እትዬ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፣ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ስቃ ስቃ እንባዋ ሲወርድ በዚያው በእናቴ ሽልማት ፊቷን ጠረገችበትና ረስታው ይሁን አውቃ፣ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከትታ ገባች። እናቴም መሐረቤን አላለችም። ማታ ቁልፋችንን ይዛ ተሻገረችና እነሱ ግድግዳ ላይ ከድሮ ቦታው ሰቅላው መጣች። ያን ዕለት እናቴ ብቻ ሳትሆን እኔም ደስ አለኝ፤ ቤታችን ሰፋ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ድንኳን ባየች ቁጥር ሦስት ሰው ሳትጠይቅ አትገባም ነበር። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ባንክ ለምረቃ ድንኳን ቢተክል እንኳ ቆማ ዘበኛውን «ሰርግ ነው ለቅሶ?» ብላዋለች።

አባባ የሙሽራዋን ልጅ አቅፈው፣ ልጁም ከዘራቸውን ፈረስ አድርጎ ሲሮጥ አይተው ኖሩ። አንድ የኅዳር ጠዋት እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ ስታዳምጥ ሳሉ አልተሰማም። መልሳ ዘጋችውና አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ማልቀስ ፈርታለች።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ከውጭ በቁልፍ ተከፈተ። እትዬ ናት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። መጥታ ከእናቴ ጎን ተቀመጠች፣ ከጉያዋ ያኔ ወስዳ ያልመለሰችውን ነጭ መሐረብ አወጣችና እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

«ዛሬ አልተሳሳትሽም» አለቻት።