ነጩ አምፖልና የዘንገናው ጅብ

ሳቄ እስኪያልፍልኝ ጥቂት ታገሡኝ። አባባ ነጩ አምፖል የበራ ለት ያሉት ትዝ ባለኝ ቁጥር ሆዴን ይዤ ነው የምስቀው። ዋናው ነገር ግን እሱ አይደለም፤ ዋናው ወደ ኋላ ይመጣል።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ጥርባ አጠገብ ነበር። ያኔ መብራት ማለት ኩራዝ ነው፤ ቆርቆሮ፣ ክርና ትንሽ ጋዝ፣ ጭሱ አፍንጫችንን አጥቁሮ የሚያድር። እናቴ ኩራዙን ስትለኩስ ቤት ያለው ሁሉ «እንደምን አመሻችሁ» ይባባላል፤ ተረት ከዚያ በፊት አይጀመርም። በቀን ተረት ማውራት በአባቴ በአባባ ዘንድ ነውር ነው። ሰላምታው እንዳለቀ እጃቸውን ከኩራዙ ፊት ያነሡና፣ ሁለት ጣታቸውን ጆሮ፣ አውራ ጣታቸውን መንጋጋ አድርገው የጭቃው ግድግዳ ላይ ጅብ ያቆሙልናል። ጅቡ አንድ ቦራ ፈረስ እየተከተለ የዘንገናን ሐይቅ ይዞራል። ፈረሱ ከፊት፣ ጅቡ ከኋላ። እኔም ከረመጥ የወጣ ድንች በእጄ እንደያዝሁ፣ ጉልበታቸውን ተደግፌ፣ ይደርስበት ይሆን እያልሁ ስጨነቅ እንቅልፍ ይወስደኛል። ጧት ስጠይቃቸው «ሲመሽ» ይሉኛል። ሲመሽም ያው ነው። እንዲህ እንዲህ እያልሁ፣ መጨረሻውን ሳልሰማ አደግሁ፣ ተዳርሁ፣ እንጅባራ ገባሁ።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባባን እኔ ዘንድ አመጣኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ ግን ያቺን መጨረሻ አሁን አስጨርሳቸዋለሁ ብዬ ደስ ብሎኛል።

በዚያው ሰሞን መብራት ኃይል ቢሮ አሮጌ አምፖል ያመጣ ቆጣቢ የሚሉትን አዲሱን ይወስዳል ተባለ። እኔ ደግሞ ነገር ከጀመርሁ ወዲያ ወዲህ አላውቅም፤ የሳሎኑን፣ የጓዳውን፣ የበረንዳውን ሳይቀር ነቅዬ በቅርጫት ይዤ ሄድሁ። ሲመሽ አዲሱን አበራሁት። ቤቱ ወተት የተደፋበት መሰለ፤ አይቼው የማላውቀው የሸረሪት ድር ሁሉ ታየኝ። አባባ ወንበራቸው ላይ ሸለብ አድርጓቸው ነበርና ነቁ፤ ዙሪያውን አዩ፤ ኮስተር ብለውም «እንደምን አደራችሁ» አሉን። አብራኝ የምትኖረው የእህቴ ልጅ፣ የስምንት ዓመቷ ትሁን፣ ሳቋ አምልጧት ወደ ጓዳ ሮጠች። እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልሁ።

«አባባ፣ ገና መምሸቱ ነው» አልኋቸው እንባዬን እየጠረግሁ።

«ታዲያ ይህ ፀሐይ አይደለም?»

«ቆጣቢ አምፖል ነው።»

«ምኑን ነው የሚቆጥበው? ጨለማውን ሁሉ ጨረሰው እኮ።»

ሳቁ በረድ ሲል የጅቡን ተረት ለመንኋቸው። እንዲህ ፀሐይ እያለ አላወራም አሉ። እጃቸውን አንሥተውም ግድግዳውን አሳዩኝ፤ ጅብ የለም፤ እንደ ጉም የፈዘዘ ነገር ብቻ። ያኔ ሳቄ ተቆረጠ። በማግስቱ አሮጌ አምፖሎቼን ፍለጋ ብሄድ ተሰባብረው ጆንያ ውስጥ ገብተዋል፤ ኩራዝም ባፈላልግ አጣሁ። ክረምቱ ገባ፤ አባባም ከአልጋ መውረድ እያቃታቸው መጣ። ተረቱ ከሳቸው ጋር ሊሄድብኝ ነው ብዬ እህል አልበላ አለኝ።

እንጅባራ ያጣሁትን ኩራዝ ዳንግላ ዘመድ ልጠይቅ በሄድሁበት ገበያ ላይ አገኘሁት። ከገበያ እስከ መናኸሪያ፣ ጋሪው ላይ ስንገጫገጭ፣ እንደ ሕፃን አቅፌው ነበር። እንደመሸ ነጩን አምፖል አጥፍቼ ኩራዙን ለኮስሁ። የጋዙ ሽታ ሲደርሳቸው አባባ ትራሳቸውን ተደግፈው ቀና አሉ፤ «እንደምን አመሻችሁ» አሉ። እጃቸው ተነሣ። ስለሚንቀጠቀጥ ጅቡ የምር የሚሮጥ መሰለ። ትሁን ጉልበቴ ላይ ተደግፋ፣ ይደርስበታል አይደርስበትም እያለች፣ ስትጨነቅ ስትጨነቅ ተኛች።

ዛሬ አባባ የሉም። ነጩ አምፖል ሳሎኔ ላይ ይበራል፤ ደግ አምፖል ነው፣ አልጠላውም። ግን ባበራሁት ቁጥር ዓይኔ ግድግዳው ላይ የሆነ ነገር ይፈልጋል።

ያን የኩራዙን ምሽት ትሁን እንደተኛች አባባ ዝም አሉ፤ ጅቡም ከግድግዳው ወረደ።

«አባባ፣ እኔ እኮ አልተኛሁም፤ መጨረሻውስ?» አልኋቸው።

ትሁንን አዩ፣ እኔንም አዩ።

«መጨረሻ የለውም ልጄ፤ አንቺ ስትተኚልኝ ነበር የማቆመው።»