የልጅ ክርን የማትነካው ወጌሻ

ኤፒፋኒያ ጣቶቿን ለብ ባለ የኮኮናት ዘይት ስትነክር ዓይኗን ትጨፍናለች። ቁርጭምጭሚት፣ ትከሻ፣ ወገብ ከጣቶቿ ሥር ቀስ እያለ፣ ጀልባ ከጭጋግ እንደሚወጣ፣ ብቅ ይልላታል። በፊሊፒንስ የቪሳያስ ደሴቶች የእሷን እጅ የማያውቅ ዓሣ አጥማጅ የለም። የልጅ ክርን ግን አትነካም። ለምን ሲሏት እርጅና ነው ትልና የሆዷን በሆዷ ትይዛለች።

አንድ ማለዳ ዓሣ አጥማጁ ሩስቲኮ የስድስት ዓመት ልጁን ሊሊቤትን አቅፎ መጣ። ልጅቷ ከዘይቶን ዛፍ ወድቃ ክርኗ አብጧል። በመንደሩ ልማድ የወደቀ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ መታሸት አለበት፤ አለዚያ ብርድ አጥንቱ ውስጥ ይገባል። ኤፒፋኒያ ግን አላሸችም። ክንዱን ሳትጎትት፣ ሳታቃና፣ እንዳለ በሙዝ ግንድ ልጣጭ ደግፋ አሰረችው። የልጅቷ ጣቶች መሞቃቸውን ዳሰሰችና ባሕሩን ተሻግረህ ሐኪም ቤት ውሰዳት አለችው።

ሩስቲኮ ከፋው። “የእኔን ትከሻ የመለሱት እርስዎ አይደሉም እንዴ፣ እማማ? ለልጄ ሲሆን እጅዎ ሰነፈ?”

ያኔ ኤፒፋኒያ ጀልባ ነጂዋን ልጇን ዴልፊናን ጠርታ እጅጌዋን እንድትሰበስብ ለመነቻት። የዴልፊና ግራ ክንድ ከክርኑ ወደ ውጭ ጠሟል።

“የኔ የእጅ ሥራ ነው” አለች ኤፒፋኒያ። “ሰባት ዓመቷ ነበር። ሦስት ቀን አሸሁት፤ እብጠቱ ሲጎድል የዳነች መሰለኝ። ለካ የልጅ አጥንት የሚያድግበት ለጋ ቦታ አለው። እሱ ተሰብሮ ኖሯል። ባደገች ቁጥር ጠመመ።”

“መሪ ለመያዝ ይመቻል” አለች ዴልፊና እየሳቀች። “ና ተነሥ፣ ሩስቲኮ፣ ማዕበሉ ሳይብስ ላሻግራችሁ።”

ኤፒፋኒያ እስኪመሽ ባሕሩን ስታይ ዋለች። በኋላም በማዶው ሐኪም ቤት አጥንቱን ወደ ቦታው መልሰው በቀጭን ሽቦ እንደያዙት ሰማች፤ ልቧ ግን አላረፈም። ልጅ እስኪያድግ ማን ያውቃል?

በሁለተኛው ዓመት ሊሊቤት መጥታ ሁለት እጆቿን ዘረጋችላት። እኩል ናቸው። ኤፒፋኒያ ዓይኗን ጨፍና ክርኑን በስሱ ዳሰሰችው፤ እንባዋም መጣ።

ዴልፊና አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ ክፉ ጊዜ ወዲህ እናቷ ያንን ክንድ ነክታው አታውቅም። ዘይቱን ወደ እናቷ አስጠጋችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

“ብርድ ሲሆን ያመኛል፣ እማዬ። ክንዴን እሺልኝ።”